ከቆጣሪው ጀምሩ፦ የጎንደር ከተማ አስተዳደር ከመብራት ኃይል ጋር ኃይል የሚቆጥብበት አሠራር

አንድ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ በፒያሳ ሳልፍ ቀና ብል የመንገድ መብራቶቹ በርተዋል። ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ያን ዕለት ማታ እናቴ ሰፈር መብራት ስላልነበረ እራታችንን በሻማ በላን። ብርሃኑ ካላስፈለገበት ቦታ ወደሚያስፈልግበት የሚሄድበት መንገድ አለ፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚያ ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከክፍለ ከተማና ከውሃ ባለሙያዎች ጋር ኃይል ቆጣቢ ሥራዎችን ጀምረን አንዳንዱን ጨርሰናል፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቷል። የቀሩት ሁሉ የቀሩበት ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ የትኛው ቆጣሪ ምን እንደሚቆጥር ሳይታወቅ ወደ ግዢ ተሄደ።

መመሪያው ለክፍለ ከተማ ኃላፊዎች፣ ለቀበሌ ሥራ አስኪያጆች፣ ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ባለሙያዎችና ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ነው። በቅደም ተከተል ብትሄዱበት ይጠቅማችኋል።

1. ማንን እንደምታነጋግሩ እወቁ

እኛ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እንላለን። መሥሪያ ቤቱ ግን ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። ግድቦቹንና ከፍተኛ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ቆጣሪ የሚተክለው፣ ቢል የሚያወጣው፣ የሰፈሩን ትራንስፎርመር የሚጠግነው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የእናንተ ጉዳይ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ ደብዳቤያችሁ የሚገባውም እዚሁ ከተማ ውስጥ ላለው ቢሮው ነው።

እዚህ ቢሮ ያለ ኃላፊ የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ጊዜ ያተርፋል። ታሪፍ የሚወሰነው በፌዴራል ደረጃ ስለሆነ «ታሪፉን ቀንሱልን» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ይመራና ክረምቱ ያልፋል። እነዚህን ብትጠይቁ ግን በቅርብ የሚፈጸሙ ናቸው፦ በእናንተ ስም ያሉ ቆጣሪዎች የ12 ወር የፍጆታ ዝርዝር፣ በሳምንት አንድ ቀን አብሯችሁ የሚዞር ቴክኒሽያን፣ የተበላሸ ቆጣሪ መቀየር፣ በትራንስፎርመር ላይ ያለውን ጭነት ለክቶ ማመጣጠን።

ብዙ ሰው «ኃይል ሻጭ እንዴት ቆጥቡልኝ ይላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ይዛችሁ ከገባችሁ ግን ውይይቱ መልክ ይይዛል። አነስተኛ ፍጆታ ያለው ደንበኛ የሚከፍለው ዋጋ የተደጎመ ነው። በምሽት ጭነት የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሰፈሩን በጨለማ ያስቀምጣል፤ እስኪቀየር ድረስም ሽያጭ የለም። አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እያለ ያለው ትራንስፎርመር ከሞላ አገልግሎቱ አዲስ ደንበኛ ማስተናገድ አይችልም። የመንግሥት ተቋማት ያልተከፈለ ቢል ካለባቸውም ያ ለአገልግሎቱ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ስትሄዱ የዕዳችሁን አከፋፈል ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ባየሁት፣ ባዶ እጁን ከሄደ ኃላፊ ይልቅ «ዕዳችንን በ6 ወር እንዲህ አድርገን እንጨርሳለን» ያለው በአንድ ቀጠሮ ቴክኒሽያን ተመድቦለት ወጥቷል።

2. አንድ ሰው መድቡ

ኮሚቴ ማቋቋም አይከፋም፤ ነገር ግን ስልክ የሚያነሳው አንድ ሰው መሆን አለበት። በስሙ ደብዳቤ ይጻፍለት፣ ለአገልግሎቱም ይገለጽ። ኤሌክትሪሻን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ግን በጽሑፍ መያዝ የሚወድ፣ ቢል ላይ ያለ ቁጥር የማይሰለቸው የፋይናንስ ሠራተኛ ይበቃል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ፤ የሥራውን ባለቤት በስም ለዩ።

3. ቆጣሪዎቹን በእግር ዞራችሁ ቁጠሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ከቢል ላይ ዝርዝር መገልበጥ ቆጠራ አይባልም። ቴክኒሽያኑን ይዛችሁ፣ ደብተርና የፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) መሞከሪያ ይዛችሁ፣ የአምፔር መለኪያ ክላምፕ ይዛችሁ በየግቢው ግቡ።

ለእያንዳንዱ ቆጣሪ የምትመዘግቡት ይህን ነው፦ ቆጣሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ቢሉ ላይ ያለው የደንበኛ ቁጥር፣ በማን ስም እንዳለ፣ የታሪፍ ምድቡ (የመኖሪያ ቤት፣ የንግድ፣ የኢንዱስትሪ ወይስ የመንገድ መብራት)፣ ባለ አንድ ፌዝ ይሁን ባለ ሦስት፣ ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚወጣ፣ ዕለቱን ያነበባችሁት ቁጥር፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የሚዘሉት ጥያቄ ነው፦ ይህ ቆጣሪ ሲጠፋ ምን ይጠፋል?

አንድ ቀበሌ ግቢ ገብተን ዘበኛውን «ጋሼ፣ ይሄ ቆጣሪ የማን ነው?» አልናቸው። «የቀበሌው ነዋ» አሉን በእርግጠኝነት። አስፈቅደን ብሬከሩን አወረድነው። የቀበሌው ቢሮ መብራት እንደበራ ነው፣ ኮምፒውተሩም አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ ካለው የሕጻናት መዋያ አንዲት መምህርት ወጥታ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ቀበሌው ለዓመታት ሲከፍል የኖረው የመዋያውን ነበር። የራሱ ቢሮ የተቀጠለው ደግሞ ከብዙ ጊዜ በፊት በፈረሰ ጽሕፈት ቤት ስም ካለ ቆጣሪ ላይ ነው፤ የዚያ ቢል የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም። ያንን ቢሮ በኤልኢዲ ብንሞላው ኖሮ በቀበሌው ቢል ላይ አንዲት ኪሎዋት ሰዓት አትቀንስም ነበር። «ፕሮጀክቱ ከሸፈ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍ ነበር።

ብሬከር ከማውረዳችሁ በፊት በሁለት ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ በሕክምና ላይ ያለ መሣሪያ፣ የሕሙማን ኦክስጅን እንዳይነካ አስቀድሞ ከነርሶቹ ጋር መነጋገር ግድ ነው። ሆስፒታል ላይ ይህን ሙከራ በጭራሽ አታድርጉ፤ እዚያ በክላምፕ እየተለካ መስመሩ ይታወቅ።

አንድ ክፍለ ከተማ በዚህ መንገድ ለመዝለቅ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። አትቸኩሉ። መዝገቡ ሲያልቅ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከእናንተ፣ አንዱ ከአገልግሎቱ ዘንድ፣ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርማችሁበት። ስማቸው ያልተዛወሩ ቆጣሪዎችን፣ ታሪፍ ምድባቸው የተሳሳቱትን፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን በዚሁ አጋጣሚ አስተካክሉ። እዚህ ላይ ብቻ፣ አንድም አምፖል ሳይቀየር፣ ወጪ የቀነሱ ተቋማትን አይቻለሁ።

4. የ12 ወር ፍጆታ አውጡ፤ በብር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ በአራት ዓመት እንዲጠናቀቅ ተደርጓል። በብር የምትለኩ ከሆነ ፍጆታችሁን በሩብ ቀንሳችሁም ቢላችሁ ጨምሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። ምክር ቤት ፊት ቀርባችሁ ይህንን ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መለኪያችሁ ኪሎዋት ሰዓት ይሁን።

ሁለተኛ ጥንቃቄ፦ መብራት ብዙ ቀን የጠፋባቸውን ወራት ለዩ። አንድ ወር ውስጥ 10 ቀን ኃይል ካልነበረ ያ ወር «ትንሽ ፈጅቷል» ተብሎ መነሻ ሊሆን አይችልም። መቋረጡ ሲያልፍ ፍጆታው ይነሳና ቁጠባችሁን ይውጠዋል። ከአገልግሎቱ የመቋረጥ መዝገብ ውሰዱ፤ ካልተገኘ የጄኔሬተር ነዳጅ ደረሰኞች ቀኖቹን ይነግሯችኋል። ነዳጁ ራሱም መመዝገብ አለበት፤ በጄኔሬተር የተገፋ ውሃ ከመብራት ቢል ላይ ባይታይም ከከተማዋ ኪስ ወጥቷል።

ሦስተኛ፦ ጥርን ከሌላ ወር ጋር አታነጻጽሩ። ጥምቀት ሲመጣ ጎንደር ሌላ ከተማ ትሆናለች። እንግዳው፣ ሆቴሉ፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚተከለው መብራት ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ጥርን ከባለፈው ጥር ጋር ብቻ አስተያዩ።

ከቆጣሪ አንባቢ ግምትም ተጠንቀቁ። ተከታታይ ሦስት ወር አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ቆጣሪው አልተነበበም ወይም ቆሟል።

5. ከውሃ ፓምፖች ጀምሩ

ሰው ሁሉ ዓይኑ መንገድ መብራት ላይ ነው፤ ሲቀየር ይታያልና። እኔ ግን ምርጫው ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ፓምፕ ጣቢያዎቹ ነው። ጎንደር በተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ውሃው ከአንገረብ ግድብም ሆነ ከጉድጓድ ሲመጣ ወደ ላይ መገፋት አለበት፤ ያንን የሚገፋው ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በወረቀት ይሠራል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለመግፋት የሚያስፈልገው ኪሎዋት ሰዓት ከፍታውን በሜትር ወስዶ፣ 367ን በፓምፑና በሞተሩ ጠቅላላ ብቃት አባዝቶ፣ ለዚያ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ከፍታው 150 ሜትር ይሁን። ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ፓምፕ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.58 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያረጀ፣ ውሃ ገፊ ማዞሪያው የተበላ፣ ብቃቱ ወደ 50 በመቶ የወረደ ፓምፕ ደግሞ 0.82 ይበላል። በቀን 5,000 ሜትር ኩብ ለሚገፋ ጣቢያ ልዩነቱ በየቀኑ ወደ 1,170 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ ከቢሮ አምፖል አይገኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ሳምንት የጣቢያው ዘበኛ ወይም ኦፕሬተር ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁለት ቁጥር በደብተር ይጻፍ፦ የመብራት ቆጣሪውንና የውሃ ቆጣሪውን። የውሃ ቆጣሪ ከሌለ ጋኑ በስንት ሰዓት ስንት ሜትር እንደሞላ ይለካ። ኪሎዋት ሰዓቱን ለሜትር ኩቡ አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን ከላይ ባለው ሒሳብ ከሚገባው ጋር አስተያዩ። ክፍተቱ ትልቅ ከሆነ ወዲያው አዲስ ፓምፕ ለመግዛት አትሩጡ። በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ፣ በደለል የታፈነ መምጠጫ፣ የማይዘጋ የመመለሻ ቫልቭ አለ ወይ? አንገረብ በደለል የሚቸገር ግድብ መሆኑን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደለሉ ፓምፕ ድረስ ከደረሰ ማዞሪያውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ከዚያ መስመሩን እዩ። መንገድ ላይ የሚፈስ ውሃ ኤሌክትሪክ ተከፍሎበት ወጥቶ የፈሰሰ ነው፤ ፍሳሹን የደፈነ ሠራተኛ ኃይል ቆጥቧል።

እዚህ ላይ ከአገልግሎቱ የምትፈልጉት እርዳታ የኃይል ምጣኔ ልኬት ነው። ባለሙያዎቹ «ፓወር ፋክተር» ይሉታል፤ ከትራንስፎርመሩ ከሚወሰደው ስንት እጁ በትክክል ሥራ እንደሚሠራ ያሳያል። 75 ኪሎዋት የሚስብ ሞተር ምጣኔው 0.75 ከሆነ ከትራንስፎርመሩ ላይ 100 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም የሚለካበት ነው) ይይዛል። ወደ 42 ኪሎቫር የሚሆን ካፓሲተር ቢገጠምለት ምጣኔው ወደ 0.95 ወጥቶ የሚይዘው 79 ኬቪኤ ይሆናል። ቀሪው 21 ኬቪኤ ለሰፈሩ ሰው ተረፈ ማለት ነው። ካፓሲተሩን ግን ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ አድርጋችሁ አስገጥሙ፤ የሚገጥመውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን።

የውሃ አገልግሎቱና የመብራቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፓምፑ የሚነሳበትን ሰዓት ይነጋገሩ። ጋኖቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከሞሉ፣ ሰፈሩ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት ፓምፑ ማረፍ ይችላል። ይህ በቢላችሁ ላይ ብዙም ባይታይ ቮልቴጁ ይታዘዝላችኋል፤ ሞተሩም በወረደ ቮልቴጅ ሠርቶ ከመቃጠል ይድናል።

6. የመንገድ መብራት

250 ዋት የሶዲየም መብራት ባላስቱ (ማስነሻው) ሲጨመር ወደ 275 ዋት ይስባል። በ100 ዋት ኤልኢዲ ቢተካ 175 ዋት ይተርፋል። በሌሊት 12 ሰዓት፣ በዓመት 4,380 ሰዓት ስለሚበራ ከአንድ መብራት በዓመት ወደ 767 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠባል። 200 መብራት ላይ ከ153,000 በላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያለውን አስተካክሉ። ቀን የሚበራ መብራት ከምሽቱ እኩል በቀን ይበላል፤ በፒያሳ ያየኋቸው 11ዱ ለዚህ ምስክር ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው። ፎቶሴሉ (ሲጨልም የሚያበራው፣ ሲነጋ የሚያጠፋው ዕቃ) በአቧራና በወፍ ኩስ ተሸፍኖ ቀኑን ሌሊት ይመስለዋል፤ ወይም ኮንታክተሩ (መስመሩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ተጣብቋል። ፎቶሴሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደቂቃዎች ይፈጃል። ኮንታክተር መቀየር ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ምሰሶው የአገልግሎቱ፣ መብራቱ የማዘጋጃ ቤቱ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ያለ አገልግሎቱ ፈቃድና መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም ሰው ምሰሶ ላይ አይውጣ። ስለዚህ ነገር ለስላሳ ቃል የለኝም፤ ጓደኛ ቀብሬበታለሁ።

ለግዢ ዝርዝር ስትጽፉ ዋት ብቻ አትጻፉ። በአንድ ዋት ቢያንስ 130 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ የውሃና የአቧራ መከላከያው አይፒ 65 ወይም ከዚያ በላይ፣ የመብረቅና የቮልቴጅ መዋዠቅ መከላከያው 10 ኪሎቮልት፣ ዋስትናው 5 ዓመት ይሁን። የጎንደር ክረምት ነጎድጓድ መከላከያ የሌለውን ኤልኢዲ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ከተጫራቾች ሁለት ሁለት ናሙና ተቀብላችሁ ለአንድ ወር አንድ መንገድ ላይ ስቀሉ፤ ሰው ይለፍበት፣ አይቶ ይናገር። ያወረዳችኋቸውን አምፖሎች አትስበሩ፤ ሶዲየሙም ፍሎረሰንቱም ሜርኩሪ አለበት። በካርቶን አድርጋችሁ በተቆለፈ ክፍል አስቀምጡ።

የፋሲል ግቢን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴንና የቁስቋምን ዙሪያ በተመለከተ፣ ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ግንቡ ላይ መሰርሰርም ሆነ ሽቦ ማሳለፍ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሆንም። የማስዋቢያ ፓውዛዎቹን ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ማስገባት ግን ቅርሱን ሳይነካ ብዙ ያተርፋል።

7. ቢሮና ትምህርት ቤት

ይህ ብዙ አያከራክርም። በጎንደር አየር ማቀዝቀዣ ብርቅ ስለሆነ የቢሮ ፍጆታ ማለት መብራት፣ ኮምፒውተር፣ የሻይ ክበብ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ዞራችሁ ምን እንደበራ እዩ። የተማሪ መኖሪያና የጤና ተቋም ካላችሁ በውሃ ማሞቂያ ጀምሩ፤ የጎንደር ፀሐይ ለፀሐይ ማሞቂያ ትመቻለች።

8. ምጣዱን አትርሱ

የሰፈር ትራንስፎርመር የሚታመመው በምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት፣ ማለትም ወደ 18 አምፔር ይስባል። 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በአንድ ፌዝ የሚችለው 144 አምፔር ያህል ነው። 8 ምጣድ በአንድ ፌዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከተለኮሰ ያ ፌዝ ሞላ፤ አምፖልም፣ ቴሌቪዥንም ሳይቆጠር። ሌሎቹ ሁለት ፌዞች በዚያው ሰዓት ግማሽ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ።

በማራኪ በኩል እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ቤት የሄድንበትን ቀን አልረሳውም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። ትልቋ «ልጄ፣ እኔ ስለ ቮልት አላውቅም። ምጣዱ ሲሰንፍ ግን እንጀራው ዓይን አያወጣም» አሉኝና ምጣዱ ላይ ያለውን አሳዩኝ። ጠርዙ ገርጥቷል፣ መሐሉ ለጥ ያለ ነው። መለኪያውን ሶኬቱ ላይ ስንሰካ 178 ቮልት አነበበ። የማሞቂያ ኃይል ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሚወርድ በ178 ቮልት ምጣዱ የሚሰጠው ከሙሉ ኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ነው። እንጀራው ስላልበሰለ እያንዳንዱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ምጣዱም እስከ ሌሊት አይጠፋም፣ ትራንስፎርመሩም አያርፍም።

ቴክኒሽያኑ ከትራንስፎርመሩ ሥር ቆሞ በክላምፕ ሲለካ አንዱ ፌዝ 140፣ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 45 አምፔር ነበር። ተራ የሆነ ነገር ነው፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር በቅርብ በተገኘው ሽቦ ላይ ስለሚቀጠል። መፍትሔው ደንበኞችን ከተጨናነቀው ፌዝ ወደ ሌሎቹ ማዛወር ነው፤ ጉልበትና ጥቂት ማያያዣ እንጂ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። ሦስቱም ወደ 82 አምፔር ቢቀራረቡ፣ በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) የሚመለሰው ሲቀንስ፣ በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ኃይል ከሲሶ በላይ ይወርዳል። ሽቦ ላይ የሚጠፋው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነውና። ከማዛወሩ በኋላ እዚያው ቤት 210 ቮልት ገባ፤ እንጀራውም ዓይን አወጣ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሪፖርት እሱ ነው።

ስለዚህ የቀበሌው ድርሻ የትኛው ሰፈር ውስጥ ስንት ጋጋሪ እንዳለ ዘርዝሮ ለአገልግሎቱ መስጠት ነው። እናቶቹን ሰብስባችሁ ቀን ከ4 እስከ 8 ሰዓት መጋገር የሚችሉትንና የማይችሉትን ጠይቋቸው፤ ገበያቸው የማታ እንጀራ የሚፈልግ ከሆነ ሰዓቱን በግድ አትለውጡባቸው። አገልግሎቱ በየበዓሉ ዋዜማ «ቀድማችሁ ጋግሩ» የሚል ማሳሰቢያ ይሰጣል። ያንን ማሳሰቢያ በእድር ጥሩምባና በቤተ ክርስቲያን አደባባይ ብታደርሱት ከሬድዮ ይበልጥ ይሰማል።

9. ስምምነቱን ጻፉ

እስከዚህ በደብዳቤና በመተማመን ይኬዳል። ገንዘብ ሊወጣ ሲል ግን የመግባቢያ ሰነድ ይፈረም። ሁለት ገጽ ይበቃል። ሥራው የሚሠራባቸው ቆጣሪዎች ከመዝገቡ ላይ በቁጥር ይጠቀሱ፤ «በከተማዋ የመንገድ መብራቶች ላይ» የሚል ሐረግ አይግባ። አገልግሎቱ ንባቡን በወር በስንት ቀን እንደሚልክ፣ መብራቱንና ምሰሶውን ማን እንደሚጠግን፣ መስመር እንዲቋረጥ ሲጠየቅ በስንት ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ፣ ያለ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍ። ሁለቱ ወገኖች በወር አንድ ጊዜ የሚገናኙበት ቀንም ይወሰን። ነዋሪው ብልሽት ሲያይ 905 ደውሎ ያገኘውን የማመልከቻ ቁጥር ለቀበሌው እንዲሰጥ ብታደርጉ፣ ወርሃዊ ስብሰባችሁ ላይ የሚወያዩበት እውነተኛ ዝርዝር ይኖራችኋል።

አንድ ጊዜ ሰነድ ሳይፈረም የተጀመረ ሥራ ላይ ነበርኩ። ኃላፊው ተዛወሩ፣ ተተኪው «የማውቀው ነገር የለም» አሉ፣ 60 የሚሆኑ መብራቶች ለዓመት ያህል መጋዘን ተቀመጡ። ልባችን ተሰብሮ ነበር።

10. ገንዘቡን በጊዜው ጠይቁ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥያቄው ግን ከወራት በፊት ነው የሚገባው። ቆጠራችሁን በመስከረምና በጥቅምት ጨርሳችሁ፣ የፓምፑን ልኬት በኅዳር አድርጋችሁ፣ ዝርዝሩን በጥር ብታቀርቡ ይደርሳል። ሰኔ ላይ የሚጣደፍ ግዢ መጥፎ አምፖል ይዞ ይመጣል።

የመብራት ቢል የሚከፈለው ከመደበኛ በጀት፣ ዕቃው የሚገዛው ከካፒታል በጀት ነው። አንድ ተቋም ቢሉን ሲቀንስ በሚቀጥለው ዓመት መደበኛ በጀቱ ይቀነስበታል፤ ስለዚህ ለመቆጠብ የሚያነሳሳው ነገር የለም። ይህንን ለከተማው ምክር ቤት በግልጽ አቅርቡ፦ ከቁጠባው የተወሰነው ድርሻ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት እዚያው ተቋም እንዲቆይና ለቀጣዩ ቁጠባ እንዲውል ውሳኔ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ከቆጠበው የላቦራቶሪ ዕቃ ሊገዛ እንደሚችል ካወቀ መብራት የሚያጠፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሆናሉ።

11. ለኩ፣ ከዚያም አስረክቡ

ሥራው ካለቀ በኋላ በዚያው ቆጣሪ፣ በዚያው የንባብ ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ለኩ። መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ቀንሱ፤ አዲስ የተጨመረ ዕቃ ካለ መዝግቡ። የኮሪደር ልማቱ አዳዲስ መብራቶች ያመጣባቸው መንገዶች ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፤ አዲሶቹ በአሮጌው ቆጣሪ ላይ ከተቀጠሉ የቆጠባችሁት አይታይም። ቁጥሩ ካሰባችሁት ካነሰ ያነሰውን ጻፉ። አገልግሎቱ ያመናችሁ ቁጥራችሁ ከእሱ ንባብ ጋር ስለሚገጥም ነው።

ሰው ይዛወራል፤ ይህ የእኛ አስተዳደር ጠባይ ነው። የቆጣሪ መዝገቡ በርክክብ ዝርዝር ውስጥ እንደ ማኅተምና እንደ መኪና ቁልፍ በስም ይግባ። የፓምፕ ጣቢያው ደብተር ደግሞ ከግድግዳው በሲባጎ ይታሰር፣ እስክሪብቶውም አብሮ። የማለዳው ተረኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው የማታው ተረኛ በ12 ሰዓት የጻፈውን ቁጥር ነው፤ ከዚያ ሥር የራሱን ይጽፋል።